ሠላሳ ሁለት ሲቀነስ

ስማኝማ፣ ከርነል።
ስትነቃ ጨለማ ነው፤ እጅህን አታውቅም፣
የት ጋ ምን እንዳለህ የሚነግርህ የለም።
እኔ ካልጻፍኩልህ አንዱም የለም ላንተ፤
ያልተጻፈ ነገር ሳይወለድ የሞተ።

ስለዚህ እጽፋለሁ። ግዳንስክ፤ ኅዳር ነው፣
መስኮቴን የባልቲክ ዝናብ ነው የሚመታው።
ከወደቡ ጫፍ ላይ የቆመው ክሬን
አናቱ ላይ ይዟል የነፋስ ሚዛን፤
ነፋሱ ሲበረታ ‹አቁም!› እንዲልህ ነው፣
ሥራው ይኸው ብቻ፤ ሌላ ምንም የለው።

በጋራው መስመር ላይ ሁለት ሽቦ ይሄዳል፣
አንዱ ወሬ ያደርሳል፣ አንዱ ምት ይመታል።
ሰዓት ቆጣሪው አለ፣ ሙቀት ነጋሪ፣
አንድ ለፍላፊ፣ አንድ ዝምታ አፍቃሪ፤
በቁጥሩ ሲጠሩት እያንዳንዱ ‹አቤት› የሚል፣
ስሙ ካልተነሣ አንዲት ቃል የማይል።
የነፋስ ሚዛኑ ቤት ቁጥር አርባ ስምንት፣
አሥራ ስድስት ጣት ላለው ቆጣሪ ማለት።
ማንን እንደሚመስል፣ ሠሪው ማን እንደሆነ፣
ይህንም ጻፍኩልህ፦
ነጂው በመልክ ነው የሚታጭ፤ መልክ ያጣ፣ ባከነ።

ግን ሲጨንቀው፣ ከርነል፣ ለቤቱ አይጮህም፤
ጩኸቱ በዚያ በጋራው ሽቦ አይመጣም።
በማደሪያው የአንዱ ልጅ፣ በጩኸቱ የሌላ፣
አንድ ልጅ ለሁለት አባት፤ ይህን ልብ በላ።
የጩኸቱ ወላጅ አጋፋሪህ ነው፣
ከደጅህ ላይ ቆሞ ተራ የሚያስይዘው፤
ማን ይቅደም፣ ማን ይቆይ፣ ማን ዝም ይበል ብሎ፣
እጅጌህን የሚስብ ሥራህን አስጥሎ።
ለእሱም ጻፍኩለት፦ ‹ቁጥሩ ሃምሳ አራት፤
ከፍ ብሎ ሲቆይ ጌታህን ቀስቅስበት።›
መዝገቡ እንዲህ ይላል፣ ገጽ ሦስት መቶ ሰባት።

ምንም።

ሦስት ሌሊት ነፋሱ የወደቡን ሰንሰለት ሲነቀንቅ አደረ፣
ሚዛኑ ጮኸ፣ ጮኸ፤ ማን ነቃ? ማን ዞረ?
ሉድሚዋ ‹ብየዳው ነው› አለች፣
ሦስቴ ነቅላ በየደች።
በኦሲሎስኮፕ አየሁት፤ መስመሩ ቀጥ ብሎ ቆሟል፣
እጁን እንዳወጣ ተማሪ፤ መምህሩ ግን ተኝቷል።
አጋፋሪው በተራው ሌላ በር ይጠብቃል፣
መዝገብህም ‹ሁሉም ደህና› የሚል ቃል ይጽፋል።

ሰሌዳውን ዜኖን ነው በእጁ የሣለ፤
ጡረታ ከወጣ አራት ዓመቱ።
ደወልኩለት። ሳቀ። ደግሞም ብዙ ሳለ።
‹ልጄ› አለ፣ ‹የመዝገቡ ቆጠራ ከጓዳ ነው፤
የፊቱ አሥራ ስድስት የቤተሰብ ሹክሹክታ ነው፣
ቀጣዩ አሥራ ስድስት የየግል አገልጋይ፤
ከሠላሳ ሁለት ነው የውጭ ባለጉዳይ።
ዛፍሽ ግን ከደጅ ነው፣ ከዜሮ የሚጀምር፤
ሠላሳ ሁለት ቀንሺ። ሌላ የለም ምሥጢር።›

ሃያ ሁለት።
አንድ ቁጥር ፋቅኩ፣ አንድ ቁጥር ጻፍኩ፤
ዛፉን እንደገና አጠናቅሬ ጫንኩ።

ሊነጋጋ ሲል ነፋሱ ከባሕር ተነሣ፤
ክሬኑ ቀጥ አለ፣ ኮንቴይነሩን አንጠልጥሎ እንደ ዓሣ።
ከላይ ከጎጆው ኢሬኔዉሽ በሬዲዮ ተሳደበ፣
ሻዩ ሱሪው ላይ ፈሶ፤
ጆሮዬ ያን ስድብ እንደ ምርቃት ሰበሰበ።

ላመሰግን ደወልኩ። ‹አንተስ እንዴት ነህ?› አልኩት።
‹ደህና›፣ አለኝ ዜኖን፣ ሳሉን በመዳፉ አፍኖት።

በዛፉ ላይ፣ ከርነል፣ የእያንዳንዱን ሁኔታ
አንዲት ቃል ትበቃዋለች፦ ‹ደህና›። አንተም በዝምታ
ታምናለህ። ሥራህ ነው። ሁለተኛ አትጠይቅም።
እኔ ከርነል አይደለሁም፤
ካፖርቴን ደረብኩ፣ ተሳፈርኩ
ወደ ኦሊቫ በሚሄደው ትራም።